ለአዋቂ ልጅ ድጋፍ ያለበት መኖሪያ ማዘጋጀት፦ ለሰሜን ሸዋ ወላጆች የአሠራር መመሪያ

ዕድሜው ሠላሳና አርባ የደረሰ ልጇን እስከ ዛሬ በእጇ እያጎረሰች፣ ልብሱን እያጠበች የምታኖር እናት በደብረ ብርሃንም፣ በመንዝም፣ በመርሐቤቴም አለች። ልጁ የአእምሮ እድገት ውስንነት፣ ኦቲዝም፣ የሚጥል በሽታ ወይም ጽኑ የአእምሮ ሕመም ይኖርበታል። የብዙዎቹ እናቶች ጸሎት አንድ ነው፤ «ከእኔ በፊት ውሰድልኝ» ይላሉ። እንዲህ የሚያሰኛቸው እነሱ ካለፉ በኋላ ልጁ የት እንደሚያድር አለማወቃቸው ነው። የት እንደሚያድር ግን እናቲቱ በሕይወት እያለች፣ ጉልበቷም ሳይከዳት መወሰን ይቻላል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል።

ድጋፍ ያለበት መኖሪያ ስል ትልቅ ተቋም ማለቴ አይደለም። ልጁ የራሴ የሚላት ክፍል፣ በየቀኑ የሚያየው ሰው፣ መድኃኒቱን የሚከታተልለት፣ ገንዘቡን የሚይዝለት፣ ቢታመም የሚደርስለት አካባቢ ማለቴ ነው። እኔ እስከማውቀው በዞናችን ይህን አሟልቶ የሚጠብቅ ቤት ስለሌለ ቤተሰቡና ጎረቤቱ ራሳቸው ያቋቁሙታል። ሥራው ረጅም ነው፤ ዓመትና ከዚያ በላይ ስጡት።

አንደኛ፦ የልጁን ደብተር ጻፉ

ከሁሉ በፊት አንድ ወፍራም ደብተር ግዙ። እናት ልጇን በልቧ ታውቀዋለች፤ ልብ ግን አይወረስም። ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚያቅተው፣ ምን እንደሚያስፈራው ሌላ ሰው አንብቦ ሊረዳው በሚችል መንገድ መጻፍ አለበት። አጠቃላይ ነገር አትጻፉ። «ጎበዝ ነው፣ አያስቸግርም» የሚል ቃል ለማያውቀው ሰው ምንም አይጠቅመውም። እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«ፊቱን ራሱ ይታጠባል፤ ውኃው በጆግ ካልተቀዳለት ግን ይተወዋል። ጫማ ማሰሪያ የሌለው ብቻ። ሽሮ ይወዳል፤ ሥጋ በደቃቁ ካልተከተፈለት ያንቀዋል። መድኃኒት ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ፍሬ፤ ከምላሱ ሥር ስለሚደብቅ ውኃ ጠጥቶ አፉን ይከፍታል። ሲከፋው ጆሮውን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ያን ጊዜ አትንኩት፣ ራዲዮኑን ብቻ አጥፉለት። ረቡዕና ዓርብ ልጹም ይላል፤ መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ስለሚያስመልሰው ቁርስ እንዲበላ የንስሐ አባቱ ፈቅደውለታል።»

እንዲህ ያለ ገጽ ስለ መብላት፣ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ስልክ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ሌሊት አንድ አንድ ይኑር። ከዚያ ከእያንዳንዱ ነገር አጠገብ ብቻውን የሚያደርገውን፣ ሰው ሲነግረው የሚያደርገውንና ሰው የሚያደርግለትን ለዩ። የሚያስፈልገው ቤትና ረዳት ምን ዓይነት እንደሆነ የሚወሰነው በዚህ ነው። «ሲነግሩት ያደርጋል» የሚለው ክፍል ረጅም ከሆነ ሌሊትና ቀን የሚጠብቀው ሰው ሳይሆን ጠዋትና ማታ ብቅ የሚል ሰው ሊበቃው ይችላል። ብዙ ወላጆች ልጃቸው ከሚገምቱት በላይ እንደሚችል የሚያዩት ይህን ሲጽፉ ነው።

ሁለተኛ፦ ራሱን ጠይቁት

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 19 ላይ አካል ጉዳተኛ የሆነ ሰው የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብት እንዳለው ይናገራል። ቃል የማይናገር ልጅ እንኳ ይመርጣል፤ የትኛው ወንድሙ ቤት ሲሄድ እንደሚስቅ፣ የትኛው በር ላይ ሲደርስ እንደሚመለስ አስተውሉ። ያንንም ጻፉት።

ሦስተኛ፦ ሕክምናውንና ወረቀቱን አስተካክሉ

ልጁ ስለ ሕመሙ የሐኪም ማስረጃ ከሌለው በፍርድ ቤትም ሆነ በማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነገሩ አይራመድም። በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር አጽፉ፤ የደብረ ብርሃን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ለመርሐቤቴ ሰው ደግሞ የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል ቀጣዩ ደረጃ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ይላካል። ማስረጃው የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን ልጁ ራሱን ችሎ ማድረግ የማይችለውን እንዲገልጽ ሐኪሙን በትሕትና ጠይቁ።

ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የምትሄዱ ሂዱ። እምነታችሁ ነው፤ ልጁም በዚያ ሰላም ያገኝ ይሆናል። መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ልጁ ደጋግሞ እየጣለው ለሞት የሚያደርስ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እንዲሁም በጠበል ቦታ ክፍል ተከራይቶ ልጁን እዚያ ትቶ መመለስ መኖሪያ ማዘጋጀት አይባልም፤ ልጁን ዘመድ በሌለበት መተው ነው።

በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒት እንደሚቋረጥ አይታችኋል። ሐኪሙ የሁለት ወር እንዲያዝላችሁ ጠይቁ፤ አንድ ወር እንደጨረሳችሁ ያንኑ ተኩ። ምንጊዜም የአንድ ወር መድኃኒት በቤት ይኑር።

ከወረቀቶቹ መካከል የልደት ምስክር ወረቀት፣ በራሱ ስም የቀበሌ መታወቂያና የፋይዳ ምዝገባ ይቅደሙ። ከዚያ በቀበሌው የቤተሰብ ቅጽ ላይ ስሙ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ በተለይ የቀበሌ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ይህን ለነገ አትበሉ። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ልጁ 18 ዓመት ከሞላው በእናንተ ደብተር መታከሙን ሊያቆም ስለሚችል እንዴት እንደሚመዘገብ ጠይቁና በወቅቱ አስመዝግቡት። መክፈል የማትችሉ ከሆነ መንግሥት ለሚሸፍንላቸው ድሆች በሚያዘው ዝርዝር እንዲገባ ለቀበሌው አመልክቱ።

አራተኛ፦ የመኖሪያውን ዓይነት ምረጡ

በእኛ አገር ሁኔታ ሊሠራ የሚችለው ከጥቂት ዓይነቶች አንዱ ነው። በግቢያችሁ ውስጥ የሚሠራ ሰርቪስ ቤት ቀላሉ ነው፤ ጉድለቱ ደግሞ እናንተ ስታልፉ ግቢው ለወራሾች ተከፋፍሎ ሊሸጥ መቻሉ ነው። ከእህቱ ወይም ከወንድሙ ቤት አጠገብ ክፍል መከራየት ሌላው ነው። ከእነዚህ ሁሉ እኔ የምወደው ግን ሦስተኛውን ነው፤ ተመሳሳይ ልጅ ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት ቤተሰቦች አንድ ቤት ተከራይተው ወይም ሠርተው፣ አንዲት ረዳት በጋራ ቀጥረው፣ ልጆቹን አብረው ማኖር። ወጪው ለሁሉም ይከፋፈላል፤ አንዱ ወላጅ ቢታመም ሌላው ያያል፤ ልጆቹም ጓደኛ ያገኛሉ። እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ለማግኘት በጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ክትትል ቀን ከሚመጡት ጋር ተነጋገሩ፤ የወረዳውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ጠይቁ። ቤተሰቦቹ ከመስማማታቸው በፊት ኪራይ ማን ይከፍላል፣ ረዳቷ ብትቀር ማን ይተካል፣ አንዱ ልጅ ሌላውን ቢመታ ምን ይደረጋል የሚለውን በጽሑፍ ያስፍሩ።

በአዲስ አበባ እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት የተቋቋሙት ጎዳና ላይ ለወደቁና ደጋፊ ለሌላቸው አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ነው። ቤተሰብ ያለው ልጅ ቦታቸውን እንዲይዝ ማቀድ ለሌላው መከረኛ አይገባም፤ ለልጁም ከሚያውቀው ደብርና ከሚያውቀው ሰው ርቆ መኖር ከባድ ነው።

የምትመርጡት ቤት ከሰው መሐል ይሁን። ከጓሮ በስተጀርባ፣ ከመንገድ ተሰውሮ የሚሠራ ክፍል ልጁን ከሰው ዓይን ይሰውራል፤ ሰው የማያየው ልጅ ደግሞ ቢራብም፣ ቢመታም ማንም አይደርስለትም።

አምስተኛ፦ ክፍሉን አዘጋጁ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ሰው የሚጎዳው በትንሹ ነገር ነው።

በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከበሩ ኋላ ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ገላው ይዘጋዋል፤ ደራሽ ሊገባ አይችልም። መወርወሪያው ከውስጥ እንዲዘጋ፣ ግን ከውጭ በቁልፍ እንዲከፈት አድርጉ። ከውጭ በጓጉንቸር አትቆልፉበት። ቤት ቢቃጠል መውጫ የለውም። በሰንሰለት ማሰርም ያው ነው፤ ወላጅ ወደዚህ የሚደርሰው ረዳት ሲያጣ መሆኑን አውቃለሁ፣ መፍትሔው ግን መድኃኒትና ሰው ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ አይቻልም። ብዙ ቤት ከሰል ማንደጃ አግብቶ በሩን ዘግቶ ይተኛል። የከሰል ጭስ ሳይታይ፣ ሳይሸት ይገድላል፤ አደጋውን ተረድቶ በር መክፈት ለማይችል ልጅ ደግሞ ምንም ዕድል አይሰጠውም። በክፍሉ ውስጥ ሌሊት ከሰል እንዳይገባ ሕግ አድርጉ። በምትኩ ጣሪያውን ኮርኒስ አስመቱ፣ የበርና የመስኮቱን ስንጥቅ ድፈኑ፣ ፍራሹን ከመሬት አንሡ፣ ባና ደርቡ። የመንዝ ባና ከፋብሪካ ብርድ ልብስ ጋር ሁለት ሆኖ ሲለበስ የደጋውን ሌሊት ያሳልፋል። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ላይ የምትኖሩ ጭንቀታችሁ ሙቀትና ወባ ነው፤ አጎበሩን ከአልጋው ጋር አስሩለት፣ መስኮቱን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት።

ክፍት ምድጃ በክፍሉ አይኑር። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው እሳት ዳር ሲወድቅ ነው። ምግቡን ረዳቱ ቢያበስልለት ይሻላል፤ ራሱ ማፍላት የሚወድ ከሆነ ሰው አጠገቡ ሲኖር ብቻ፣ ዝቅ ባለና በማይገለበጥ ምድጃ ይሁን። አልጋው ዝቅ ይበል፣ ወለሉ ሊሾ ይሁን፣ ደፉን አንሡ። መጸዳጃ ቤቱ ቁጢጥ ሲሉ የማይመች ከሆነ ከእንጨት መቀመጫ አሠሩለት፤ ከክፍሉ እስከዚያ ድረስ በጨለማ የሚይዘው ገመድ ወይም የእንጨት መደገፊያ ዘርጉ። የግቢው ውኃ ጉድጓድ ክዳን ይቆለፍ።

ስድስተኛ፦ ሰው አዘጋጁ

ረዳት ስትቀጥሩ ተያዥ ጠይቁ፣ ሥራዋን በጽሑፍ ስጧት፣ ደመወዟን አታዘግዩ፣ የዕረፍት ቀኗን አክብሩ። የደከመች ረዳት ልጁን ባትጠላውም ትቆጣዋለች። በመጀመሪያው ወር ከእናት ጋር ትሥራ፤ ደብተሩን እያነበበች እያየች ትማር። ረዳቷ ብትታመም የሚተካ ሁለተኛ ሰው የግድ አስቀድሞ ልጁን ማወቅ አለበት። በሌላ አባባል ልጁን ሁለት ሰው ሳያውቀው ቤቱ አልተዘጋጀም።

ሴት ልጅ ከሆነች ጥንቃቄው በእጅጉ ይጨምራል፤ ሕመም ያለባቸው ሴቶች ልጆች የሚደፈሩት ብዙ ጊዜ በሚያውቋቸው ሰዎች ነው። ረዳቷ ሴት ትሁን፤ የክፍሉ ቁልፍ ያለው ማን እንደሆነ ተጽፎ ይታወቅ፤ ማንም ወንድ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ብቻውን ከእሷ ጋር እንዳይዘጋ። ሰውነቷን ማን ሊያጥብ እንደሚችልና ማን እንደማይችል በምትረዳው ቋንቋ አስተምሯት። ክፉ ነገር ከደረሰ ገላዋን ሳታጥቡ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዷት፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። ለፖሊስም ዕለቱን አመልክቱ፤ በሽምግልና ይታለፍ የሚል ቢመጣ እሺ አትበሉ።

ከዚያ ዕድሩ አለ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የወላጅ የዕድር አባልነት ከወላጁ ሞት በኋላ ለልጁ መዋል አለመዋሉን ማረጋገጥ ነው። ከዕድሩ ዳኛ ጋር ተቀምጣችሁ ልጁ በራሱ ስም አባል እንዲሆን፣ ወርኃዊ መዋጮውም ከየት እንደሚከፈል አስመዝግቡ። በሰንበቴውና በማኅበሩ ይዛችሁት ሂዱ። ዳቦውን ይቁረስ፣ ወንበር ያቀብል፣ ሰዎቹ በስሙ ይጥሩት። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ሰው ነገ መንገድ ላይ ጠፍቶ ሲያየው እጁን ይዞ ይመልሰዋል።

ቀኑን የሚውልበት ሥራም ፈልጉለት። ዶሮ መመገብ፣ ሱፍ መፍተል፣ ለጎረቤት ውኃ መቅዳት፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር መጥረግ ይሆናል። ሥራ የሌለው ልጅ ቀን ይተኛና ሌሊት ይነቃል፤ ረዳቱን የሚያባርራትም ያ ነው።

ሰባተኛ፦ ገንዘቡ ከየት ይመጣል

ወጪውን በወር ጻፉ፤ ምግብ፣ የረዳት ደመወዝ፣ ኪራይ፣ መድኃኒትና መጓጓዣ፣ ሳሙናና ልብስ፣ የዕድር መዋጮ። ገቢውን ደግሞ ከአንድ ቦታ አትጠብቁ። በከተማ አንድ ተጨማሪ ክፍል ሠርቶ ማከራየት፣ በገጠር መሬቱን በእኩል ማሳረስ የተለመዱ መንገዶች ናቸው። ለእኩል የሚሰጥ መሬት ውሉ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ፤ በቃል የተሰጠ መሬት ወላጅ ሲሞት ይጠፋል። ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳ መሥራት የማይችል ሰው ሥራ ሳይጠየቅ በቀጥታ ድጋፍ ሊታቀፍ ስለሚችል ልጁ እንዲመረጥ አመልክቱ። ጡረተኛ የሆነ ወላጅ ከሞቱ በኋላ ለልጁ ምን እንደሚደርሰው በሕይወት እያለ የጡረታ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቆ መልሱን ከደብተሩ ጋር ያያይዝ። ማመልከቻ ስትጽፉ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ጥቀሱ፤ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንደሚረዳ ተደንግጓል። እህትና ወንድምም በቤተሰብ ሕጋችን ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ግዴታውን በክስ ከመጠየቅ ግን እናንተ በሕይወት እያላችሁ ሁሉንም አስቀምጣችሁ ማን በወር ስንት እንደሚያዋጣ መስማማት ይበልጣል።

ስምንተኛ፦ ሕጋዊውን ነገር ጨርሱ

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱበት ውክልና ነው። አባት ለትልቁ ልጅ ሙሉ ውክልና ይሰጥና «ታናሽህን ታያለህ» ይላል። ውክልና ግን ወካዩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ከሞት በኋላ የሚሠራው ኑዛዜ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ተጽፎ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ይጠቀሳል፤ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው ይፈርሙበታል። ከአራቱ አንዱ እንኳ ቢጎድል ኑዛዜው ሊፈርስ ይችላል፤ ምስክሮቹም ከሚወርሱት ውጭ ይሁኑ። በኑዛዜው ላይ ቤቱ የሁሉም ልጆች ቢሆንም ይህ ልጅ በሕይወት እስካለ ድረስ በተለየችው ክፍል የመኖር መብቱ እንደተጠበቀ፣ ያም እስኪያበቃ ግቢው እንደማይሸጥ በግልጽ አስፍሩ። ሕግ አዋቂ ያንብበው።

ልጁ 18 ዓመት ከሞላው በሕግ ፊት እንደ ማንኛውም አዋቂ ስለሚቆጠር ወላጅነታችሁ ብቻውን ባንክ ቤት አያስኬዳችሁም። ውርስ፣ መሬት ወይም ጡረታ የሚያስተዳድርለት ሰው ካስፈለገ በወረዳው ፍርድ ቤት የፍርድ ክልከላ፣ ማለትም ልጁ ጉዳዩን ብቻውን እንዳያስተዳድር ፍርድ ቤቱ የሚሰጠው ውሳኔ፣ ይጠየቃል። ራሱ ልጁ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ ወይም ዐቃቤ ሕግ ማመልከት ይችላል። የሐኪም ማስረጃ፣ የቀበሌ ደብዳቤና ምስክር ይዛችሁ ቅረቡ፤ ልጁንም ፍርድ ቤቱ እንዲያየው ይዛችሁ ሂዱ። ክልከላው ሲወሰን ለሰውነቱ ሞግዚት፣ ለንብረቱ አስተዳዳሪ ይሾማል። ሁለቱን ለተለያዩ ሰዎች ስጡ ብዬ እመክራለሁ፤ ገንዘቡን የሚይዘው አንዱ፣ አኗኗሩን የሚያየው ሌላው ሲሆን እርስ በርስ ይተያያሉ። ሆኖም ክልከላ የልጁን መብት የሚነካ ከባድ ነገር ነው። ንብረት የሌለው፣ ትንሽ ገንዘቡን በሰው እርዳታ መያዝ የሚችል ልጅ ከሆነ ወደዚህ አትቸኩሉ።

ዘጠነኛ፦ እናንተ እያላችሁ ይልመድ

ልጁን ከቀብር ማግሥት ወደ አዲስ ቤት መውሰድ ሁለት ሐዘን በአንድ ቀን መጫን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በአዲሱ ክፍል ምሳ ብቻ ይብላ። ቀጥሎ ውሎ ይመለስ። ከዚያ በሳምንት አንድ ሌሊት ይደር፤ አልጋው፣ ባናው፣ ኩባያው ከቤት አብረውት ይሂዱ። ሌሊት ቢያለቅስ ረዳቷ ስልክ ትደውል እንጂ እናት ሮጣ አትምጣ፤ ጠዋት በተናገረችው ሰዓት ትምጣ። በተናገረችው ሰዓት መምጣቷ ነው መተማመንን የሚያመጣው። ሌሊቶቹን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ክረምቱ ሳይገባ ጀምሩ፤ ዝናብና ጭቃ ሲበዛ ለመመላለስ አይመችም።

ቤቱን እናት ብቻ አትጎብኘው። ወንድም ሳይነገር ይሂድ፣ የዕድሩ ዳኛ ሲያልፉ ይግቡ፣ ጎረቤት ልጁንና ረዳቷን ቡና ይጥራቸው። በጉብኝቱ የሚታየው ነገር ግልጽ ነው። ከስቷል ወይ? ገላው ላይ ሰንበር አለ? የመድኃኒቱ ፍሬ ከቀኑ ጋር ይመጣጠናል? ረዳቷ ስትጠራው ፈጥኖ ይመጣል ወይስ ይሸሻል? የሚሸሽ ከሆነ ረዳቷን ዕለቱን ቀይሩ።

በየዓመቱ መስከረም ላይ ሞግዚቱ፣ የገንዘቡ አስተዳዳሪ፣ ረዳቷና ልጁ ራሱ አንድ ላይ ተቀምጠው ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ አንብበው ያድሱት። የደብተሩ አንድ ቅጂ በልጁ ክፍል፣ አንዱ በሞግዚቱ፣ አንዱ በዕድሩ መዝገብ ይቀመጥ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሦስት ሰዎች ስልክ ቁጥር፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ የጤና መድን ቁጥሩ በትልልቁ ይጻፍ።